የአባ ባሕርይ ድርሳን በባሌ ወጣቶች ፊት፤ ስለ ታሪክ ትምህርት የቀረበ አስተያየት

ታሪክ ማለት ያለፈውን ነገር በቃል መያዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በቃል መያዝ የታሪክ ደጃፉ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የነገሥታትን ስምና የነገሡበትን ዘመን አከታትሎ የሚናገር ልጅ መልካም አድርጎአል። ዳሩ ግን፥ ይህን ነገር ማን ነገረን? የነገረንስ ሰው ከየት ሆኖ አየው? ስለ ምንስ ጻፈው? ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚል ከሆነ፥ ንባቡን ተማረ እንጂ ትርጓሜውን ገና አልተማረም። ይህ ልዩነት በቤተ ክህነት ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፥ ዳዊትም ይደግማል፤ ከዚያ በኋላ ቅኔ ቤት ይገባል፤ መጻሕፍት ቤት በደረሰ ጊዜም መምህሩ አንዱን ቃል አንሥተው ይፈቱለትና «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ፍች ያስከትሉለታል። ልጁም ሁለቱን ፍች ይዞ ማመዛዘንን ይለምዳል። ስለዚህ ማመዛዘንን የሚያስተምር ሥርዓት ከውጭ አገር የምንበደረው አዲስ ነገር አይደለም፤ በእጃችን ያለ ነው።

በዛሬው የመንግሥት ትምህርት ልጁ ከዘጠነኛ ክፍል በፊት ታሪክን ከጂኦግራፊና ከሌላውም ጋር ተቀላቅሎ የኅብረተሰብ ትምህርት በሚባለው ስም ይማራል። ታሪክ ራሱን ችሎ የሚመጣለት ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፥ ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ነው። በዚያው ዓመት የማስተማሪያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። እንግዲህ በሲናና ወረዳ፥ በሮቤም ሆነ በጎባ፥ እስከ ትናንት ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቈየው ልጅ አዲስ ትምህርትና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይጫኑበታል። መጽሐፉም ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ፥ የጥንቱን ዓለም መንግሥታትና የአፍሪካን አገሮች አልፎ እስከ አሜሪካና እስከ ፈረንሳይ አብዮት ይደርሳል። ስፋቱ በጎ ነው፤ የዓለምን ታሪክ የማያውቅ የአገሩንም በልኩ አያውቅምና። ነገር ግን መምህሩ መጽሐፉን ለመጨረስ፥ ተማሪውም ለፈተና ለመድረስ ሲቸኵሉ፥ «ይህን ማን መሰከረ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

የቀደመው ትውልድ መጽሐፍም ሌላ ጕድለት ነበረበት። አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተሟቸው የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ተማሮችን ያስተማሩ፥ አማርኛቸውም የጠራ፥ ድካማቸውም የሚመሰገን ነው። ሆኖም ከዐፄ ልብነ ድንግል እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ከዐፄ ቴዎድሮስም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እየተባለ ስማቸው ራሱ ከንጉሥ እስከ ንጉሥ የሚለካ ነው። ታሪክ በዚህ ክንድ ሲለካ አንድ አውራጃ ወደ ታሪክ የሚገባው ንጉሥ ሲዘምትበት ወይም እርሱ በንጉሥ ላይ ሲነሣ ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን፥ ገበሬው ያረሰበት፥ እረኛው ያሰማራበት፥ ሽማግሌው ያስታረቀበት ዘመን ሁሉ ባዶ ይመስላል። የባሌ ልጅ አገሩን በዘመቻ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ካገኛት፥ ታሪክ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ቢመስለው ሊፈረድበት አይገባም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ፥ እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ስጦታዎች እንደሚያስፈልጉ አስታውቆአል። እነርሱም የሆነውን ነገር የሚያስተውል ልብ፥ ለማንም ሳያደላ የሚፈርድ አእምሮ፥ ያስተዋለውንና የፈረደውን አጥርቶ የሚገልጥ አንደበት ናቸው። እኛ ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ከጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ከአንባቢውም የሚጠየቁ ናቸው እንላለን። በትምህርትም የሚገኙ ናቸው፤ የሚገኙት ግን ልጁ በሚመረምረው ነገር ላይ ሲለማመዳቸው ነው። ስለዚህ ለባሌ ወጣት ልምምድ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ምረጡ ብንባል፥ ብዙ ሰው የሚሸሸውን እንመርጣለን፤ ይኸውም የአባ ባሕርይ ድርሳን ነው።

አባ ባሕርይ በጋሞ አገር የነበሩ መነኵሴ ናቸው። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1593 (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካላልን በቀር ዘመኑን በኤውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን) ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ነገድና ስለ ጦርነቱ አንዲት አጭር ድርሳን በግዕዝ ጻፉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2002 ከአማርኛ ትርጕምና ኦሮሞችን ከሚመለከቱ ሌሎች ሰነዶች ጋር አሳትመዋታል። ድርሳኒቱ ለባሌ ልጅ እንግዳ አይደለችም፤ ገና ትረካዋን ስትጀምር የምትጠራት አገር ባሌ ናትና። ኦሮሞች በወናግ ሰገድ፥ ማለት በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ ከምዕራብ መጥተው ገላና የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው እስከ ባሌ ዳርቻ ደረሱ ብለው አባ ባሕርይ ይተርካሉ።

የድርሳኒቱን በጎነት በሦስት ነገር እናያለን። መጀመሪያው፥ ጸሐፊው ስለ ጠላቶቻቸው መጻፍን ነውር አላደረጉትም። ስለ ክፉዎች እንደ ደጎች ታሪክ ለምን ትጽፋለህ የሚላቸው ሰው እንዳለ አስቀድመው አውቀው፥ የእስላም ነገሥታት ታሪክ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ሳሉ ተጽፎ ይገኛል ብለው ከመጻሕፍት ማስረጃ አምጥተው ይመልሳሉ። እንግዲህ የተቃራኒን ነገር ማወቅ ተገቢ መሆኑን ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ መነኵሴ ከፈቀዱ፥ ዛሬ እኛ ብንፈራው አያምርም።

ሁለተኛው በጎነት የዘመን አቈጣጠሩ ነው። አባ ባሕርይ የጦርነቱን ታሪክ የከፋፈሉት በራሳቸው ነገሥታት ዘመን ብቻ አይደለም፤ በኦሮሞ በራሱ ሥርዓት፥ ሥልጣን በየስምንት ዓመት በሚተላለፍበት በገዳ ነው። መልባ፥ ሙደና፥ ክሎሌ፥ ቢፎሌ፥ ሚችሌ፥ ሐርሙፋ፥ ሮባሌ፥ ብርመጂ፥ ሙላታ እያሉ ሉባዎቹን በተራ ይጠራሉ። ሊቃውንት የመልባን ዘመን ከ1522 እስከ 1530 ያደርጉታል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ ስምንት ስምንት እየደመረ ቢወርድ፥ ዘጠኙ ሉባ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖ የሙላታ ዘመን በ1594 ሲፈጸም ያገኘዋል፤ ድርሳኒቱም በሙላታ ዘመን መጻፏን በገዛ እጁ ይደርስበታል። በሚችሌ ዘመን ፈረስና በቅሎ መጋለብ ተጀመረ የሚለውንም ቃል ሲያነብ፥ ከ1554 እስከ 1562 ባለው ጊዜ ውስጥ ያስገባዋል። ፈረስ የክብር መለያ በሆነበት በባሌ ደጋ ያደገ ልጅ ይህን አንዴ ካሰላ አይረሳውም። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያከብረውንና በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ የገባውን የገዳን ሥርዓት ስሙንና ተራውን ጠብቃ ካቈየችልን ጥንታዊ ጽሑፍ አንዷ ይህችው ድርሳን መሆኗን ማወቅም የኦሮሞው ልጅ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው በጎነት ከሁሉ ይበልጣል። አባ ባሕርይ፥ እኛ ብዙዎች ስንሆን ስለ ምን ተሸነፍን? ብለው ይጠይቃሉ። ኀጢአታችን ነው ብለው የሚመልሱ እንዳሉ ይናገራሉ፤ እርሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ አኗኗር ተመልክተው ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ሕዝቡን በዐሥር ወገን ከፍለው፥ ከዐሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው፥ ዘጠኙ ከጦርነት የራቁ ናቸው ይላሉ። ከማይዋጉትም አስቀድመው የሚቈጥሩት የገዛ ራሳቸውን ወገን መነኮሳትን ነው፤ ከዚያም ደብተሮችን ያስከትላሉ፤ ዳኞችን፥ ገበሬዎችን፥ ነጋዴዎችን፥ የእጅ ሠራተኞችን፥ አዝማሪዎችን ይጨምራሉ። በኦሮሞ በኩል ግን ትንሹም ትልቁም ጦርነትን የተማረ መሆኑን ያስረዳሉ። ይህ ታሪክ ጸሐፊ የሚባል ሰው ሥራ ነው። የሆነውን በመተረክ ሳይወሰኑ ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ መልሱንም ከጠላት ክፋት ሳይሆን ከገዛ ወገናቸው ሥርዓት ፈለጉ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ታሪክ መጠየቅ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ ምዕራፍ የሚሻል ንባብ አናውቅም።

አሁን ወደ ጕድለቱ እንመለስ፤ ጕድለቱም ታላቅ ነውና። አባ ባሕርይ የተሸነፈው ወገን ሰው ናቸው፤ አገራቸው ጋሞ እንደ ተወረረች፥ እርሳቸውም እንደ ተዘረፉ በዚያው ድርሳን ይታወቃል። ስለዚህ ቃላቸው የተበዳይ ቃል ነው። ሕዝቡን የሚጠሩበት ስም ኦሮሞ ራሱን የማይጠራበት፥ ዛሬም ስድብ ሆኖ የሚሰማ ነው። ለመግደል ያለውን ዝግጁነት ይቈጥራሉ እንጂ፥ ይህ ሕዝብ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚታረቅ፥ ከብቱን እንዴት እንደሚጠብቅ፥ ለምን ከቦታ ወደ ቦታ እንደ ተንቀሳቀሰ ከራሱ አፍ አልሰሙም ወይም አልጻፉልንም። ከሳሽ ተናገረ፤ ተከሳሽ ግን አልተጠየቀም።

ስለዚህ በዚህች ድርሳን ላይ ሁለት ወገን ተነሥቶአል። አንዱ፥ ይህ የጠላት ቃል ነውና ከትምህርት ቤት ይራቅ ይላል። ሁለተኛው፥ ይህ የጥንት አባት ቃል ነውና እንዳለ ይታመን ይላል። ሁለቱም ምስክርን ከዳኛ ጋር ያደባለቁ ይመስለናል። ባሕርይ ምስክር ናቸው፤ ምስክር ስላዳላ ከአደባባይ አይባረርም፥ ስላረጀም ያለ ጥያቄ አይታመንም። ይጠየቃል፥ ቃሉም ከሌላው ቃል ጋር ይመዛዘናል። ልጁ ለዚህ ገና ነው የሚል ቢኖር፥ የባሌ ልጅ በጃርሱማ ጉባኤ ዳር ቆሞ ሽማግሎች የሁለቱን ወገን ቃል እስኪጨርሱ ሲሰሙ ያየ መሆኑን ያስብ። በጠፋ በሬ ነገር ሁለት ወገን መስማትን የለመደ ልጅ በአባቶቹ ታሪክ ነገር እንዴት ያቅተዋል?

ሌላው ምስክር ደግሞ ሩቅ አይደለም። የኦሮሞ ሽማግሎች በአፍ ያቈዩት ወግ የሕዝቡ መነሻና መበተኛ መደ ወላቡ ነው ይላል፤ መደ ወላቡም በዚያው በባሌ ምድር ያለ ቦታ ነው፤ በሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲም የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። እንግዲህ አባ ባሕርይ፥ ከምዕራብ መጥተው እስከ ባሌ ዳርቻ ደረሱ ሲሉ፥ ወጉ ደግሞ ከባሌ ተነሡ ይላል። ይህ ለመምህሩ ችግር ሳይሆን በረከት ነው። ካርታ ይዘርጋ፤ ገላና ወንዝ ወዴት ነው? ጋሞስ? መደ ወላቡስ? በጋሞ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ምዕራብ የሚለው ከየት ቆሞ ነው? ዳርቻ ማለትስ የመንግሥቱ ግዛት ዳርቻ ነው ወይስ ዛሬ ባሌ የምንለው ምድር ሁሉ? የአፍ ወግ ዘመን የማይቈጥር ሲሆን ቦታን እንዴት አድርጎ ይጠብቃል? ተማሮቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ መልሱን አይጨርሱትም፤ ነገር ግን ጥያቄው የእነርሱ ይሆናል።

ሦስተኛውም ምስክር አለ። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የተከተለው፥ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ጸሐፊ በዐረብኛ የጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻ፥ በ1529 ከሽምብራ ኵሬ ድል በኋላ የሆነውን ሲተርክ የባሌንም መያዝ ይናገራል። ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ባሴ ከ1897 ጀምሮ መጽሐፉን አሳትሞታል፤ አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያም በ1966 ዓ.ም. ስለ ኢማሙ ዘመን ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚህ የድል አድራጊው ወገን ይናገራል፤ የክርስቲያን ልጅ ያዝንበታል፥ የእስላም ልጅ ይኮራበታል። በባሕርይ ድርሳን ደግሞ ኀዘኑና ኵራቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ መምህሩ ለሁሉም አንድ ሕግ ያውጣ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ደስ ያሰኘውን ምስክር ካሳዘነው ምስክር አብልጦ ይመርምር። ያሳዘነንን ለመመርመርማ ማንም መምህር አያስፈልገንም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር፥ የሚያሠጋውን ነገር ያስብ። በሮቤና በጎባ የእስላሙና የክርስቲያኑ ልጅ፥ የኦሮሞውና የአማራው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤቱ ስለ አባቶቻቸው ጠብ ዝም ቢል ልጆቹ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ከጎዳና ይሰሙታል፥ በእጅ ስልካቸውም ያገኙታል። በዚያ ግን ታሪክ የሚመጣው እንደ ክስ ነው፤ ምስክሩ አንድ ነው፥ ፍርዱም አስቀድሞ ተጽፎአል፥ ተከሳሹም አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሞተውን ሰው ዕዳ በዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ የሚጽፍ ትምህርት ትምህርት አይባልም። ይህን የሚከለክል ዝምታ አይደለም፤ ምስክርን የመመርመር ልማድ ነው።

በቅርቡም ዘመን እንዲሁ ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የተደረገው የገበሬዎች ዐመፅ፥ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ ዋነኛው የነበሩበት፥ ከሩቅ ዘመን ታሪክ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ የተዋጉትን ሰዎች የሚያስታውሱ ዛሬም በሕይወት አሉና። ዶክተር ገብሩ ታረቀ በ1991 ባሳተሙት ጥናት የመሬትን መነጠቅ፥ የግብርን ክብደት፥ የሹማምንትን በደል፥ የሃይማኖትንና የዘርን መገፋት በምክንያትነት አስረድተዋል። ተማሪው አያቱን ጠይቆ የሰማውን ይጻፍ፤ ጎረቤቱ የሌላውን አያት ቃል ያምጣ፤ ሁለቱም ከመጽሐፉ ጋር ይነበቡ። ያን ጊዜ አንዱ አያት ነጻ አውጪ ያለውን ሌላው ሽፍታ ሲለው ይሰማሉ፤ ስም ራሱ ምስክርነት መሆኑንም ይማራሉ። ከዚያ በኋላ ወደ አባ ባሕርይ ቢመለሱ፥ በድርሳኑ ያለው የስድብ ስም ከየት እንደ ወጣ መምህሩ ሳይነግራቸው ይገባቸዋል።

ማን ቀድሞ መጣ? የሚለውን የተለመደ ሙግት ደግሞ ምድሪቱ ራሷ ታሳፍረዋለች። በ2019 የታተመ የሊቃውንት ምርመራ እንዳስታወቀው፥ በባሌ ተራራ ላይ ፍንጫ ሀበራ በሚባለው የዋሻ ጥግ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ኖረዋል። በዚያ ዘመን ከፍተኛው ተራራ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር፤ እነዚያም ሰዎች ጥቍሩን የባልጩት ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ ያበጁ፥ ዛሬም በዚያው ደጋ የሚገኘውን ታላቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ስማቸውን፥ ቋንቋቸውን፥ አምላካቸውን አናውቅም። በዚህ ፊት፥ የእኔ አባት ቀደመ፥ የአንተ አባት ዘገየ የሚለው ክርክር ምንኛ ያንሳል! ልጁን ወደዚህ ከፍታ አውጥቶ ወደ ሲናና የስንዴ ማሳ ቍልቍል እንዲመለከት ማድረግ፥ በታሪክ ትምህርት ውስጥ ትሕትናን መጨመር ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይና ጀርመን በሰባ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደም የተፋሰሱ ናቸው፤ በየትምህርት ቤታቸውም ልጆቻቸውን እርስ በርስ መጠላላት ሲያስተምሩ ኖረው ነበር። በ2006 ግን የሁለቱ አገር ሊቃውንት በአንድነት ያዘጋጁት፥ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሮች የሚሆን አንድ የታሪክ መጽሐፍ በሁለቱም ቋንቋ ታተመ። የማይስማሙበትን ነገር አልሸሸጉም፤ አለመስማማቱን ራሱን ለተማሮቹ አቀረቡት። በመካከላችን ያለው ጠብ ከእነርሱ ጠብ አይበልጥምና፥ እኛ የምንፈራበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም። የዓመቱን መጽሐፍ ማንም ይተው አላለም፤ ከዓመቱ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜ ለዚህች ድርሳን ይለይላት። ምዕራፏ አጭር ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞም ትነበብ፤ አዲስ ቋንቋ ያፈነው አእምሮ በገዛ ቋንቋው ይተንፍስ። ግዕዝ የሚያውቁ ካህን ዋናውን ንባብ እንዲፈቱ፥ የገዳን ተራ የሚያውቁ ሽማግሌም ሉባዎቹን እንዲያስረዱ ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ይጠሩ። ተማሮቹ ይህን አንድ ነገር ብቻ፥ ማለት ሁለት ምስክር በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቃል ሳያቋርጥ ሲሰማ ማየትን ብቻ ቢያተርፉ እንኳ፥ ትምህርቱ በከንቱ አልሆነም።

ካህናት አንባብያንም በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። የድርሳኒቱ ቋንቋ በእናንተ ዘንድ ነው፤ «አንድም» ማለትም የእናንተ ሙያ ነው። አባ ባሕርይ የማይዋጉትን ሲቈጥሩ መነኮሳትንና ደብተሮችን አስቀድመው ጻፉ። ዛሬ ጦር አንሡ የሚል የለም፤ ከድንቍርና ጋር በሚደረገው ውጊያ ግን እንደ ገና ከዘጠኙ ወገን ተቈጥረን እንዳንቀር፥ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ፥ ግዕዙም የሚፈታው ሳያጣ፥ ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ።